የቤት ውስጥ ተባይ መከላከያ አገልግሎትና ክፍያው፤ ከእህል በረንዳ አካባቢ አንጻር

አይጥ፣ በረሮ፣ ትኋንና ቁንጫን የመሳሰሉ ተባዮችን ከመኖሪያ ቤት ለማስወገድ የሚወጣው ወጪ በማን ላይ ሊያርፍ ይገባል የሚለው ጥያቄ፣ መኖሪያና መጋዘን በአንድ ግድግዳ በሚዋሰኑባቸው የከተማ ሰፈሮች የተለየ ክብደት አለው። በአዲስ አበባ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በመርካቶ የሚገኘው እህል በረንዳ ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው። በዚህ ዓይነት አካባቢ ለተባይ መከላከያ የሚጣለው ክፍያ በነጠላ ቤት ሲሰላና በብሎክ ወይም በሰፈር ሲሰላ የሚያስገኘው ውጤት እጅግ የተለያየ ነው።

የአካባቢው ገጽታ

መርካቶ የአሁኑን ሥፍራ የያዘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት፣ ቀድሞ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ ነው። እህል በረንዳም ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከባሌና ከሌሎች አምራች አካባቢዎች በጭነት መኪና የሚገባው ጤፍ፣ ስንዴ፣ በቆሎና ጥራጥሬ የሚራገፍበትና በደላሎች አማካይነት ለቸርቻሪ የሚከፋፈልበት የዋና ከተማዋ የእህል ገበያ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት አገልግሏል።

በገበያው ዙሪያ ከሚገኙት ቤቶች ብዙዎቹ በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ጣሪያቸው የተያያዘ አሮጌ ቤቶች ናቸው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን በቀበሌ ሥር አድርጓል፤ እስከ 300 ብር የነበረውንም ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ቀንሷል። እርምጃው የተከራዩን ሸክም ቢያቃልልም፣ ከዝቅተኛ ኪራይ የሚገኘው ገቢ የቤቶቹን እድሳት ሊሸፍን አልቻለም። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የተነቀለ ኮርኒስና ክዳን የሌለው የፍሳሽ ቦይ ለአይጥ ምቹ መተላለፊያ ሆነው ቆይተዋል።

የተባዩ ባሕርይ

አይጥ ምግብ፣ ውኃና መጠለያ ባለበት ሁሉ ይራባል። የእርግዝና ጊዜው ሦስት ሳምንት ያህል ሲሆን፣ የተወለዱት ግልገሎች በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉ። ትንሿ የቤት አይጥ የእርሳስ ውፍረት በምታህል ቀዳዳ ትሾልካለች። አይጠ መጎጥ ደግሞ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል እህል ሊበላ ይችላል። ከሚበላው በላይ የሚከፋው ግን ጆንያ ቀድዶ የሚያፈሰውና በሽንቱና በኩሱ የሚያበላሸው ነው።

በጤና ረገድም አይጥ በሽንቱ አማካይነት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ፣ በቁንጫው አማካይነት ደግሞ የታይፈስ በሽታ ዓይነት ወደ ሰው ያስተላልፋል። ስለዚህ ጉዳዩ የቤት ምቾት ብቻ ሳይሆን የኅብረተሰብ ጤናም ጥያቄ ነው።

ወጪውን ሲሸፍን የቆየው ማን ነው?

በኢትዮጵያ የተባይ መከላከል ወጪ እንደ ተባዩ ዓይነት በተለያየ መንገድ ሲሸፈን ቆይቷል። የወባ ትንኝን ለመከላከል የመኖሪያ ቤቶችን ግድግዳ የመርጨት ሥራ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ከተቋቋመ ጀምሮ በመንግሥት ወጪ የሚከናወን ነው፤ ባለቤቱ ቤቱን ክፍት ከማድረግና ዕቃውን ከማውጣት በቀር ክፍያ አይጠየቅም። በ2012 ዓ.ም በርካታ የአገሪቱን አካባቢዎች የወረረው የበረሃ አንበጣም የተረጨው በመንግሥትና በለጋሽ ድርጅቶች ወጪ ነው። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው። ተባዩ ከአንዱ ይዞታ ወደ ሌላው የሚሻገር በመሆኑ አንድ ሰው ብቻውን ከፍሎ ራሱን ሊያድን አይችልም።

በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ካካተታቸው 16 ፓኬጆች አንዱ ነፍሳትንና አይጦችን መቆጣጠር ነው። ፕሮግራሙ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በከተሞችም ተግባራዊ ሲደረግ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየተዘዋወሩ ስለ ምግብ አከዳደን፣ ስለ ደረቅ ቆሻሻ አወጋገድና ስለ አይጥ መራቢያ ቦታዎች ትምህርት መስጠት ጀምረዋል። ትምህርቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። መድኃኒቱና ወጥመዱ፣ የቀዳዳው መድፈኛ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ግን የነዋሪው ወጪ ሆነው ቀርተዋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከወባ የጠበቃት ከተማ በመሆኗም፣ በቆላማ ወረዳዎች የተለመደው የመንግሥት ርጭት የመርካቶን ቤቶች አያዳርስም።

በዚህ የተነሳ በእህል መጋዘን የሚራባው አይጥ የሚያስከትለው ወጪ ከመጋዘኑ ጎን በምትኖር እናት የወር አስቤዛ ላይ ያርፋል። “አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ” የሚለው አባባል ሁኔታውን በሚገባ ይገልጸዋል።

የኬሚካል አጠቃቀምና አደጋው

ነዋሪው የራሱን መፍትሔ እንዲፈልግ መተዉ ሌላ አደጋ አለው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥና ጥቅም ላይ እንዳይውል ይከለክላል። ይሁን እንጂ በጉልት የሚሸጥ፣ ስሙና መጠኑ በላዩ ያልተጻፈበት የአይጥ መርዝ ለሕፃናትና ለቤት እንስሳት አስጊ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የእህል ነቀዝን ለመግደል በመጋዘን የሚቀመጠው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ነው። እንክብሉ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። በመሆኑም አየር በማያስገባ ሁኔታ በታሸገ መጋዘን ወይም በሸራ በተሸፈነ ክምር ላይ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ሊሠራበት ይገባል። ሰው በሚያድርበት ክፍል ወይም ከመኖሪያ ጋር በሳሳ ግድግዳ በሚዋሰን መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ጋዙ በስንጥቁ አልፎ የተኙ ሰዎችን ሊገድል ይችላል።

የክፍያ አወሳሰን

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በቻርተሩ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 361/1995 መሠረት ለሚሰጣቸው አገልግሎቶች ክፍያ የመወሰንና የመሰብሰብ ሥልጣን አለው። የተባይ መከላከያ ክፍያ ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ ስሌቱ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ካሉ 12 ቤቶች አራቱ ብቻ ከፍለው ቢታከሙ፣ አይጡ ወደ ስምንቱ ተሻግሮ ሰንብቶ ይመለሳል፤ የከፈሉትም ገንዘባቸው በከንቱ ይባክናል። በጥሪ የሚሰጥና በቤት የሚከፈል አገልግሎት ውጤት ሊያስገኝ የሚችለው ለብቻው በቆመ ቤት ነው።

ለተያያዙ ቤቶች የሚቀርበው ምሳሌ የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ክፍያ ነው። ይህ ክፍያ ከውኃ ፍጆታ ሒሳብ ጋር ተያይዞ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ ለመኖሪያ ቤት የውኃ ሒሳቡ 20 በመቶ፣ ለንግድ ድርጅት ደግሞ 42.5 በመቶ ሆኖ ተሠርቶበታል። አሠራሩ ሁሉንም ተጠቃሚ የሚያዳርስ፣ ብዙ ቆሻሻ የሚያወጣውም የበለጠ እንዲከፍል የሚያደርግ ነው። በእህል ገበያ አካባቢም በተመሳሳይ መርህ መጋዘኑ ከመኖሪያ ቤቱ የላቀ ድርሻ ሊሸፍን ይችላል።

ሌላው ጉዳይ የአከራይ ኃላፊነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ያከራየውን ነገር ለታሰበለት አገልግሎት በሚያመች ሁኔታ የማስረከብና የማቆየት ግዴታ ይጥልበታል። በመንግሥት ቤቶች አከራዩ ራሱ አስተዳደሩ ነው። ስለሆነም ቀዳዳ የመድፈንና ቦይ የመክደን ወጪ በነዋሪው የአገልግሎት ክፍያ ውስጥ ከመካተቱ በፊት በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ

በብሪታንያ እ.ኤ.አ በ1949 የወጣው ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ክልላቸው ከአይጥ ነፃ መሆኑን እንዲያረጋግጡ፣ ባለይዞታዎችንም እርምጃ እንዲወስዱ እንዲያስገድዱ ሥልጣን ይሰጣል። ሕጉ አገልግሎቱ በነፃ እንዲሰጥ ስለማያስገድድ የምክር ቤቶቹ አሠራር የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ለአይጥ ሳያስከፍሉ ለትኋንና ለቁንጫ ያስከፍላሉ፤ ሌሎች ለሁሉም እያስከፈሉ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቅናሽ ያደርጋሉ። ልዩነቱ የሚመነጨው ጎረቤትን የሚጎዳው ተባይ በጋራ፣ በአንድ ቤት የሚወሰነው በባለቤቱ ይሸፈን ከሚል አስተሳሰብ ነው።

በተቃራኒው የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር እ.ኤ.አ በ1902 በሃኖይ ለተገደለ አይጥ ጭራ ገንዘብ መክፈል ሲጀምር፣ ጭራቸው ተቆርጦ የተለቀቁ አይጦች በከተማው መታየት ጀመሩ፤ ለጭራው ሲሉ አይጥ የሚያረቡም ተገኙ። ክፍያው የተተመነው በጭራ ብዛት እንጂ በሰፈሩ ንጽሕና ባለመሆኑ ሥራው ከግቡ ሳይደርስ ቀርቷል።

ለተባይ መከላከያ ተመን የሚያዘጋጅ አካል አራት ነገሮችን አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል። እነርሱም የሚታከመው ነጠላ ቤት ነው ወይስ ብሎክ፣ የተባዩ ምንጭ የሆነው ድርጅት ድርሻ ምን ያህል ነው፣ መክፈል የማይችለው ነዋሪ በምን ይስተናገዳል፣ የተሰበሰበው ገንዘብስ ለዚያው አገልግሎት መዋሉ እንዴት ይረጋገጣል የሚሉት ናቸው። በእህል በረንዳ ዓይነት አካባቢ የመጀመሪያው ጥያቄ በአግባቡ ካልተመለሰ፣ ተመኑ ዝቅ ቢልም ከፍ ቢልም አይጡ ከግድግዳው ውስጥ አይወጣም።