ያልተሰጠ ቃል

በዘመነ ሉቃስ፣ በ1971 ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ሐምሌ በ21ኛው ቀን፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ደርግ በነገሠ በአምስተኛው ዓመት፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ፣ በዑራኤል ከምትገኘው ማኅበረ ምእመናን ከአምልኮ ሲወጡ የጸጥታ ሰዎች ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ያዟቸው። ወይዘሮ ፀሐይን ከመንገድ ጥለው እርሳቸውን ይዘው ሄዱ። ዕለቱ የዑራኤል ዋዜማ ነበረ። ማግሥቱ ሐምሌ 22 ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ በዚህችው ከተማ በኢጣሊያ ጥይት የወደቁበት 43ኛ ዓመት ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ በ1928 ዓ.ም. የደጃዝማች አበራ ካሣ ጦር ከሰላሌ ወርዶ አዲስ አበባን የመታው ሐምሌ 21 ቀን ነበር፤ አቡኑ የተገደሉትም ያ ዘመቻ በከሸፈ በማግሥቱ ነው። ቄስ ጉዲና የተገደሉበትና የተቀበሩበት ግቢ ደግሞ የደጃዝማች አበራ ወንድም የልዑል ራስ አስራተ ካሣ መኖሪያ የነበረ ነው። ራስ አስራተን ራሳቸውን ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ጋር ረሽኗቸዋል።

የጥንት ጸሓፌ ትእዛዝ ቢሆን ይህን መገጣጠም ምልክት ብሎት ባለፈ። ግን ዜና መዋዕል የንጉሥ መጽሐፍ ነው፤ ንጉሡ የከረመበትን፣ የዘመተበትን፣ የሾመውንና የሻረውን ይቆጥራል። እምቢ ያለ መነኩሴ በዚያ መጽሐፍ ስፍራ የለውም፤ ቢኖረውም ዐመፀኛ ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። የዓፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋትን ዘመቻ ቀን በቀን ይተርካል፤ ንጉሡን ስለ ጋብቻቸው ገሥጸው ስለ ተገረፉትና ስለ ተሰደዱት ስለ አባ አኖሬዎስና ስለ አባ ፊልጶስ የምንሰማው ግን ከገድል ነው። ዓፄ ሱስንዮስም ታሪክ ጸሓፊ አላጡም፤ የሮምን ሃይማኖት አልቀበልም ብለው ከሹም ባላቸው ቤት የወጡትን ወለተ ጴጥሮስን ያቆየልን ግን በ1665 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈው ገድላቸው ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የቀን አቆጣጠሩን ከዜና መዋዕል፣ ሰዎቹን ከገድል ወስዶ አንድ ነገር ሊያስረዳ ይነሣል፤ በነውጥ ዘመን ሥልጣን ከአማኝ የሚሻው እምነቱን እንዲጥል አይደለም። እምነቱን እንደያዘ አንድ ቃል እንዲሰጥ ነው። በፖሊስ ጣቢያ ተጠርጣሪ «ቃሉን ሰጠ» ይባላል፤ በሃይማኖት ላይ የሚደርሰው ፈተናም ከዚህ አባባል ብዙ አይርቅም።

ከዑራኤል በቦሌና በገርጂ አድርጎ፣ ጎሮን አልፎ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቅ ሰው ቦሌ አራብሳ ይደርሳል። ቄስ ጉዲና በተያዙ ጊዜ ያ ምድር የገበሬ እርሻ ነበር። ዛሬ በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የኮንዶሚኒየም ሕንፃ ተሰልፎበት፣ ከመሐል ከተማው ልዩ ልዩ ቀበሌ የመጣ ሕዝብ ይኖርበታል። ጋቢ ለብሶ ማሕሌት የሚቆመውና በአዳራሽ የሚዘምረው አንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ አንድ ጣሪያ ላይ ልብስ ያሰጣሉ። ዕድሜው የገፋው ነዋሪ፣ የየትኛውም እምነት ተከታይ ቢሆን፣ በደርግ ዘመን እሑድ ጧት ይጠራ የነበረውን የቀበሌ ስብሰባና ግራ እጅ ተነሥቶ ይጮኽ የነበረውን መፈክር አይረሳም። ስብሰባው እሑድ ጧት መሆኑ እንዲያው የመጣ አልነበረም፤ የአምልኮ ሰዓት ነው። «ከሁሉም በላይ አብዮቱ» በሉ ሲባል ከሁሉም በላይ ያለው ሌላ ነው ብለው አፋቸውን የዘጉ ወጣቶች በብዙ አውራጃ ታሥረዋል፣ ተገርፈዋል። እግዚአብሔር የለም በሉ አልተባሉም። የተፈለገው ሦስት ቃል ብቻ ነበረ።

አቡነ ጴጥሮስም የተጠየቁት ይኸንኑ ነው። ፋሺስቱ ኦርቶዶክስነታቸውን ሊያስለቅቃቸው አልሞከረም፤ አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡን ተገዛ እንዲሉ ብቻ ፈለገ። በመስቀላቸው ባርከው ሁለት ዓረፍተ ነገር ቢናገሩ ሕይወታቸው ትተርፍ ነበር። እርሳቸው ግን ለወራሪው የሚገዛውን ገዘቱ። ቃሉን የሰጡም እንደነበሩ መካድ አይገባም፤ የጎጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም በኢጣሊያ ፈቃድ ከእስክንድርያ ተለይታ የቆመችውን ቤተ ክርስቲያን ለመምራት ተቀብለዋል። ሁለቱም ጳጳሳት፣ ሁለቱም ቀዳሾች ነበሩ። የለያቸው የሃይማኖት ጸሎት ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የተጠየቁት ዓረፍተ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ቤተ ክርስቲያን የዙፋኑ ደጋፊ፣ የመሬት ባለቤት ነበረች፤ ጳጳሳቷ አብዮቱን የተቃወሙት ርስታቸውን ስላጡ ነው ይባላል። መልሱ ከቀኖቹ ቅደም ተከተል ይገኛል። የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መሬትም ያን ጊዜ ሄደ። ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ግን የወረዱት በ1968 ዓ.ም. የካቲት ነው። በመካከሉ ባለው አንድ ዓመት ቤተ ክርስቲያኒቱ በመሬቱ ሳቢያ ጦር አልሰበቀችም፣ አዋጁንም አላወገዘችም። አቡኑን ያስወረደው በጥር 1968 መንግሥትን ሳያስፈቅዱ ሦስት ጳጳሳት መሾማቸው ነው። ሀብት አባክነዋል የሚል ክስ ተጨመረበት፤ ክስ ማከል በዚህ አገር ከባድ ሆኖ አያውቅም። የማይካደው ግን ደርግ መሬቱን ሲወስድ ፓትርያርኩን አለመንካቱ፣ እጃቸውን በሦስት መነኮሳት ራስ ላይ ሲጭኑ ግን ወደ እሥር መውሰዱ ነው። በደርግ ዓይን ማንን መሾም እንዳለባቸው ሊጠይቁት ይገባ ነበር፤ አልጠየቁም። በምትካቸው ከወላይታ በረሃ የመጡት ባሕታዊ አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል በነሐሴ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ተሾሙ። ገዥዎቹ የሚታዘዝ መነኩሴ አገኘን ሳይሉ አልቀሩም፤ ያገኙት ግን በባዶ እግር የሚሄድና የሚጾም ሰው ነበረ፤ እንደ ተፈለገውም አልሆኑላቸውም። የእስክንድርያው መንበር በሕይወት ያለ ፓትርያርክ ሳለ ሌላ አላውቅም ብሎ ሹመቱን አልተቀበለም።

ለቄስ ጉዲና የሚቀርበው ተቃውሞ ከዚህ ይለያል፤ በቁም ነገር ሊታይም ይገባዋል። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሥራቾች አንዱ ነበሩ፤ ስለዚህ ቄሱ የሞቱት በፖለቲካ እንጂ በወንጌል አይደለም የሚሉ አሉ። ደርግ በወንድማቸው ሳቢያ መጠራጠሩ እውነት ነው። ይሁንና ቄስ ጉዲና በእነዚያው ዓመታት የደከሙት ኦርቶዶክሱን፣ ካቶሊኩንና ወንጌላዊውን በአንድ ሸንጎ ለማስቀመጥ ነበረ፤ ይህ የጎሣ ድርጅት አርበኛ የሚደክምበት ሥራ አይደለም። የባዕድ ገንዘብ ተከታይ ናቸው የሚለውም ወሬ ቢሆን ከ1964ቱ ደብዳቤ ጋር አይሄድም። በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያናቸው፣ እርሳቸው ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ለምዕራባውያን ረጂዎቿ ስትጽፍ ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለስብከት መከልከል ሰውን ከሁለት መክፈል ነው ብላ ተከራክራለች። ለለጋሽ እንዲህ የጻፉ ሰው ለደርግም ያደሩ አልሆኑም። አገዛዙ የፈለገው ደግሞ የታወቀ ነው፤ በውጭ አገር ባላቸው ዝና በኢትዮጵያ የሃይማኖት ስደት የለም ብለው እንዲመሰክሩ። የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተብሏል፤ መንግሥት ማሠራጫውን ከያዘ በኋላ የጎደለው የሚታመን አፍ ብቻ ነበር። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ መጠጊያ ሊሰጧቸው ተዘጋጅተው እንደነበር በቄስ ጉዲና የሕይወት ታሪክ ተጽፏል። ቄሱ መንጋዬን በመከራ ጊዜ ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ። እዚህ ቀርተው ዝም ማለታቸውም፣ ከዚያ ሄደው መናገራቸውም ለአገዛዙ አይመችም ነበረ።

ከመጽሐፍ የሚነሣ ተቃውሞም አለ። ጳውሎስ ለሮሜ ክርስቲያኖች በ13ኛው ምዕራፍ ለባለሥልጣን መታዘዝን አዟል፤ እምቢተኝነት ከወዴት መጣ? የተጠቀሱት ሰዎች ግብር አልከለከሉም፣ ነፍጥም አልነገቡም። ክርክሩ ያለው መገዛት ያበቃበትና መስገድ የጀመረበት ድንበር ላይ ነው። ይህን ድንበር ለማየት የኢትዮጵያ ሕዝብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚወርደው ስለት አድራሽ የሚያከብረው ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የወጡበትን ቀን ነው። ሠለስቱ ደቂቅ የመንግሥት ሹማምንት ነበሩ፤ በባቢሎን አውራጃ ተሾመው የንጉሡን ሥራ ይሠሩ ነበር። ሥራውን አልተዉም፣ ንጉሡንም አልሰደቡም፤ መሰንቆና እምቢልታ ሲነፋ ግን ከሕዝቡ ጋር አልወደቁም። ስለት የሚሳለው ብዙው ሰው ልጅ፣ ጤና፣ ሀብት መለመኑ ደግ ነው። በዓሉ ግን በመነሻው የእምቢታ በዓል መሆኑ ሲነገር እምብዛም አይሰማም።

በዘመነ ማርቆስ፣ በ1974 ዓ.ም. በጥር፣ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ የቦሌው ጸሎት ቤቷም ተወረሰ። ስድስት መሪዎቿ ያለ ፍርድ ከአራት ዓመት በላይ ታሠሩ። ምእመናኑ በየቤቱ አምስትም ሰባትም እየሆኑ፣ መዝሙር በሹክሹክታ እየዘመሩ ቆዩ። ሲዘጋ አምስት ሺህ ገደማ የነበረው አባል ደርግ በወደቀበት በ1983 ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ እንደተገኘ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትቆጥራለች። ይህን ቁጥር የእምቢታው ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅሰው ብዙ ነው፤ ይህ ጽሑፍ ግን አይጠቅሰውም። በ1974 በር የተዘጋባቸው ሰዎች የ1983ን ቁጥር አያውቁም ነበር፤ ቢመናመኑም ኖሮ እምቢታቸው ያው ነው። ይልቅ የሚያስገርመው ሌላ ነገር ነው። የእነዚህ ምእመናን ወንድሞች የሆኑት የሙሉ ወንጌል አማኞች አዳራሻቸው የተዘጋው፣ በ1964ም ክረምት በጅምላ የታሠሩት በኮሚዩኒስት መንግሥት ሳይሆን በክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ዘመን ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ የአምላክ የለሽነትና የእምነት ጠብ ብቻ ነው የሚለው አባባል አይበቃም። ቅባት የተቀባ ንጉሥም የሚሻው ቃል አለው።

የተገፋም ሰው ወንበር ሲያገኝ ይለወጣል። በጥር 1968 በአቡነ ቴዎፍሎስ እጅ ተሾመው ለዓመታት የታሠሩት አቡነ ጳውሎስ በ1984 አምስተኛው ፓትርያርክ ሆኑ፤ ለዘመኑ መንግሥት እጅግ ቀርበዋል የሚል ወቀሳም እስከ ዕረፍታቸው አልተለያቸውም። በ2002 ዓ.ም. በቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ቅጽር ሐውልታቸው በቆመ ጊዜ ቅዱስ ሲኖዶስ ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። በሕይወት ላለ ጳጳስ ሐውልት! የታሠሩበትን ዓመታት ይህ ሐውልት አይሽራቸውም፤ የታሠሩበትም ዓመታት ሐውልቱን አያጸድቁትም።

ከዚያም በዘመነ ሉቃስ፣ በ2015 ዓ.ም.፣ ጥር 14 ቀን በወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ፤ ሲኖዶሱም ጥር 18 አወገዛቸው። ከጥር 29 ጀምሮ በነበሩት በሦስቱ የነነዌ ጾም ቀናት ምእመናን ጥቁር ለብሰው እንዲጸልዩ ታወጀ። በአዲስ አበባ ብዙ ሕዝብ ጥቁር ለበሰ፤ ጥቁር ስለ ለበሱ ሥራ እንዳይገቡ የተከለከሉ እንደነበሩም በጊዜው ተዘግቧል። ይህ ክርክር የቋንቋና የአስተዳደር ጥያቄ ያለበት ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መቀደስ የሚሻ ምእመን አቤቱታው ፖለቲካ ነው ተብሎ ብቻ ሊጣል አይገባውም። ሆኖም ሦስት ቀን የተለበሰ ነጠላ ምንም ያልተናገረ ቃል ነበረ፤ ያለ መፈክር፣ ያለ ድምፅ። በዚህ ጊዜ ሥልጣንን ያስቸገረው የተነፈገ ቃል ሳይሆን ያልተጠየቀ ምልክት ሆነ። የካቲት 8 ቀን በሲኖዶሱና በሿሚዎቹ መካከል ስምምነት ተደረገ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. የራስ አስራተ ግቢ ተቆፈረ። አቡነ ቴዎፍሎስም በ1971 ክረምት ተገድለው የተጣሉት በዚሁ ግቢ ነው። በሕይወት ሳሉ አንዱ የሌላውን ሥርዓተ ቅዳሴ የማይካፈሉ ሁለት ካህናት 13 ዓመት በአንድ አፈር አብረው ተኝተው ነበር። አቡኑ ወደ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ተወሰዱ፤ ቄሱን ቤተ ክርስቲያናቸው በራሷ ሥርዓት ቀበረች። ከባለቤታቸው መያዝ በኋላ ያለ ክስ አሥር ዓመት ያህል ታሥረው የነበሩት ወይዘሮ ፀሐይ ከቀብሩ ቆመዋል።