የገበሬው መኪናና የፕሬዚዳንቱ መኪና

ብዙ ሰው ለባለጸጋ ሲሠራ ይጠነቀቃል፤ ለድኻ ሲሠራ ግን ይህ ይበቃዋል ብሎ ያልፋል። ይህ ልማድ ሙያን እንደሚያጎድል አንድሬ ለፌቭር ከተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ሥራ እንማራለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ለፌቭር በ1894 ተወለደ። የአውሮፕላን ምሕንድስና ተምሮ በገብርኤል ቩዋዛን ፋብሪካ ተቀጠረ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቩዋዛን አውሮፕላኑን ትቶ ወደ አውቶሞቢል ሲዞር፥ ለፌቭርም የአውሮፕላንን ጥበብ፥ ይኸውም ክብደት መቀነስንና ነፋስን ሰንጥቆ ማለፍን፥ ወደ መኪና አመጣው። በ1923 ቱር ከተማ በተደረገው ታላቅ እሽቅድምድም ራሱ መሪውን ይዞ አምስተኛ ወጣ።

በ1933 ወደ ሲትሮኤን ፋብሪካ ገባ። በዓመቱም ትራክሲዮን አቫን የተባለችው መኪና ወጣች። ሞተሯ የፊት ጎማዎቿን የሚያዞር፥ ሻንሲዋም ከአካሏ ጋር አንድ ወጥ ነበረ። ነገር ግን በጥድፊያ ስለ ተሠራች መጀመሪያ ላይ ብልሽት አላጣትም። ባለ ፋብሪካው አንድሬ ሲትሮኤንም ዕዳ ጸንቶበት በዚያው ዓመት ከሰረ፤ በ1935ም ሞተ። ፋብሪካው ወደ ሚሽሊን ተላለፈ። የመኪናዪቱ ጉድለት ግን እየታረመ እስከ 1957 ድረስ ተሠራች።

ከዚያ በኋላ ሹሙ ፒዬር ቡላንዤ ለገበሬ የምትሆን ርካሽ መኪና እንድትሠራ አዘዘ፤ በታረሰ መሬት ላይ ስትሄድም በቅርጫት የተጫነ እንቁላል እንዳይሰበር አለ። ትእዛዙ ለመስማት ቀላል፥ ለመፈጸም ግን ከባድ ነበር። ለፌቭርና ጓደኞቹ ሥራውን ከሁለተኛው ጦርነት በፊት ጀመሩ፤ ጀርመኖች አገሩን በያዙ ጊዜ የሙከራ መኪኖቹ ተደበቁ፤ በ1948 ደ ሽቮ የተባለችው መኪና ፓሪስ ላይ ታየች። በመልኳ የሳቁ ነበሩ፤ እርሷ ግን እስከ 1990 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሆና ተሠራች።

በ1955 ዲ ኤስ ወጣች። ቅርጿን ፍላሚኒዮ በርቶኒ፥ በባሌስትራ ፈንታ በዘይትና በጋዝ የምትደገፍበትን ዘዴ ደግሞ ፖል ማዤስ አበጁ፤ ሥራውን በጠቅላላው የመራው ለፌቭር ነበር። በ1962 ፕሬዚዳንት ደ ጎል በዲ ኤስ ሲሄዱ ነፍሰ ገዳዮች ተኰሱባቸው፤ መኪናዪቱ ጎማዋ ቢፈነዳም ሳትገለበጥ አወጣቻቸው።

ለፌቭር በ1964 ሞተ። የእንቁላሉ ቅርጫት ከፕሬዚዳንቱ አስቀድሞ እንደ መጣ፥ ወጣቶች ሆይ፥ አስተውሉ። ለእንቁላል መጠንቀቅን ያልተማረ እጅ ለሰው ነፍስ ይጠነቀቃል ብላችሁ አትመኑ።