አቦል፣ ቶና፣ በረካ፦ የጽጌረዳና የዑድ ሽቶ ታሪክ

ከማኅበራችን አባላት መካከል ከዓረብ አገር ተመልሰው ሽቶ የሚነግዱ እህቶች አሉ። ባለፈው ዓመት ከብድር ሣጥናችን ገንዘብ ወስደው የጽጌረዳና የዑድ ሽቶ አስመጡ። ደንበኞች ክዳኑን ከፍተው አሽትተው ገዙ፤ በማግስቱ «ጠረኑ ወዲያው ጠፋ» እያሉ መለሱ። ሒሳቡን ስንዘጋ የብድሩ ግማሽ በዕቃ ታስሮ አገኘነው። ምክንያቱን ለማወቅ ቡና አፍልተን ተቀመጥን። በቀኝ እጃችን ከዕቃው፣ በግራችን ደግሞ አንዲት እህታችን ለራሷ ካመጣችው ጥሩ ሽቶ ቀባን።

አቦል ሲቀዳ ከሁለቱም የፍራፍሬ ሽታ መጣ። ይህ ክፍል ቶሎ ስለሚተን ብዙ አይቆይም። የብርቱካን ዘይት ከልጣጩ ተጨምቆ ይገኛል፤ የኮክ ጠረን ግን በቤተ ሙከራ ይሠራል። በ1919 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የወጣው ሚትሱኮ የተባለው ሽቶ በዚህ ዓይነት የኮክ ጠረን የታወቀ ነው።

ቶና ላይ ጽጌረዳው ወጣ። በዓረብ አገር ስመ ጥሩው የጣኢፍ ጽጌረዳ ነው። ከመካ ብዙም በማይርቀው ተራራማ አገር በጸደይ ወራት ፀሐይ ሳይበረታ ይለቀማል፤ በውኃ ተቀቅሎ እንፋሎቱ እንደ አረቄ ይጠራቀማል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው አል ኪንዲ ይህን ጥበብ ስለ ሽቶ በጻፈው መጽሐፍ ገልጾታል።

በረካ ላይ ሲደርስ ቀኝ እጃችን ባዶ ነበር። በግራው ግን ዑዱ ገና መሞቁ ነበር። ዑድ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከሚበቅል ዛፍ ይገኛል። ዛፉ ሲቆስልና ሻጋታ ሲይዘው ራሱን ለመከላከል ጥቁር ሙጫ ያመነጫል፤ መዓዛው ያ ነው። ዛፉ ስለተመናመነ የዋነኛው ዝርያ ንግድ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። በርካሽ የሚሸጥ «ንጹህ ዑድ» ሲቀርብልን መጠራጠር ነበረብን።

መዓዛን አጽንቶ በማቆየት በኩል አገራችንም የራሷ ታሪክ አላት። ከእናርያ፣ ከከፋና ከጅማ የጥርኝ ዝባድ በከብት ቀንድ ታሽጎ በምፅዋ በኩል ወደ ውጭ ይላክ ነበር። ዝባድ ለብቻው ሲሸቱት ያስጠላል፤ በጥቂቱ ሲገባ ግን ሌላውን መዓዛ ይዞ ያቆያል። በ1926 እ.ኤ.አ. ሩዚችካ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ የዝባድን ዋና ንጥረ ነገር አወቃቀር አወቀ። ኋላም ሰው ሠራሹ ተስፋፋ፤ ጥርኝን በጠባብ ቦታ ዘግቶ ማርባትም ተነቀፈ፤ ገበያው ቀነሰ። በደጉ ጊዜም ቢሆን ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው የሽቶ ቤቱ ስም እንጂ የከፋ ገበሬ ስም አልነበረም።

እኛ የከፈልነው ለአቦሉ ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ወስነናል። ለሽቶ ንግድ ብድር ከመፍቀዳችን በፊት ናሙናውን ቀብተን በረካ እስኪጠጣ እንጠብቃለን። ለደንበኛም እንዲሁ ቀብታ፣ ገበያዋን ዞራ ስትመለስ እንድትገዛ እንነግራታለን። የቀረውን ዕቃ ደግሞ «ቀላል የፍራፍሬ ሽቶ» ብለን በቅናሽ እየሸጥን ነው፤ ብድሩም በዝግታ ወደ ሣጥኑ እየተመለሰ ነው።