ማርክ ሰጪው ሲጠይቅ

አንድ አስተማሪ ከገዛ ተማሪዎቹ መካከል ለጥናቱ ፈቃደኞችን ሲፈልግ፣ ጥያቄው እንደ ማንኛውም ሰው ጥያቄ ነውን? እኛ አይደለም እንላለን። ታሪኩ ራሱ ያስረዳልና ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ላቦራቶሪ ሲያቋቁም ተመርማሪዎቹን ከውጭ አላመጣም። ተማሪዎቹና እሱ ራሱ ነበሩ። ዛሬ መሣሪያውን የያዘ ተማሪ ነገ በተመርማሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ፕሮፌሰሩም እንዲሁ። እኩልነት ነበር ለማለት አንደፍርም፤ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሚመዝነው ያው ቩንት ነበርና። ቢሆንም መርማሪና ተመርማሪ ቦታ ይለዋወጡ ነበር።

ሥራው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሲስፋፋ ይህ መለዋወጥ እየቀረ ሄደ። ጀማሪው ተማሪ ኮርሱን ለማሟላት ወይም ጥቂት ማርክ ለማግኘት ሲል የሚመረመር ሆነ። በ1946 ክዊን ማክኔማር፣ ስለ ሰው ጠባይ አለን የምንለው ሳይንስ በአብዛኛው የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ጠባይ ሳይንስ ነው ሲል ተቸ። ትችቱ ግን ለሳይንሱ ተቆርቁሮ ነው። ታዲያ ለተማሪው ማን ይቆርቆርለት?

የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የ1964ቱን የሄልሲንኪ መግለጫ በ1975 ቶኪዮ ላይ ሲያሻሽል መልስ የሚሆን ነገር አስገባ። ተመርማሪው በመርማሪው ሐኪም ሥር ያለ እንደሆነ፣ ፈቃዱን የሚጠይቀው በምርምሩ የሌለበት ሌላ ገለልተኛ ሐኪም ይሁን አለ።

ደንብ ብቻውን ግን አያድንም። የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲው ህዋንግ ዉ ሱክ በ2004፣ በክሎኒንግ ከተሠራ የሰው ሽል ሕዋሳት አወጣሁ ብሎ ስሙ ገነነ። ለምርምሩ እንቁላላቸውን ከሰጡት ሴቶች መካከል በእሱው ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች ነበሩ። ሲጠየቅ ካደ፤ በኅዳር 2005 አመነ። በፈቃዳቸው ነው የሰጡት፣ መጀመሪያ እኔም ከልክያቸው ነበር አለ። የዩኒቨርሲቲው መርማሪዎች ግን ለሴት ባልደረቦቹ የፈቃድ ቅጽ ማደሉን ደረሱበት። የምርምሩ ውጤትም የተፈበረከ መሆኑ በ2006 መጀመሪያ ይፋ ወጣ።

እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ፊርማ አለ፤ ማንም እጅ አልጠመዘዘም። ነገር ግን ፈቃድ ማለት እኮ እምቢ ማለት ሲቻል ነው! «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ይባል ነበር፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንን የሚያርም ፕሮፌሰርም ለእኛ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሳያስፈራራን እንፈራዋለን።

ምርምሩ ይቅር አንልም። መካፈሉ ራሱ ትምህርት ነው፤ ገንዘብ የሌለው ተመራማሪም ከእኛ ሌላ ቅርብ ሰው የለውም። የምንለው ሦስት ነገር ነው። ጠያቂው ሌላ ሰው ይሁን። ማን እንደተካፈለ አስተማሪው ማርክ ሳያስገባ አይወቅ። ማርክ የሚያስገኝ ከሆነም ለማይፈልገው ተመጣጣኝ ሌላ ሥራ ይሰጠው፤ የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2002 ደንቡ ይህንኑ ጽፎታል።

ይህ ሲሆን «እሺ» ያለ ተማሪ በእርግጥ እሺ ብሏል ማለት ይቻላል።