ለ1,400 ዓመታት የኖረውን ትምህርት ያፈረሰች አንዲት ማባዛት

ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ፊዚዮሎጂ ስትማሩ፣ ስለ ልብ በሚያወራው ምዕራፍ ላይ አንዲት አጭር ቀመር ታገኛላችሁ። ልብ በአንድ ምት የሚገፋው ደም፣ ሲባዛ በደቂቃ በሚመታው ብዛት። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ አዋቂ ሰው ልቡ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይገፋል፤ በደቂቃ ደግሞ 70 ጊዜ ያህል ይመታል። ሲባዛ 4,900 ሚሊ ሊትር ይመጣል፣ ማለትም ወደ 5 ሊትር።

ብዙ ተማሪ ይህችን ቁጥር ሸምድዶ፣ ፈተና ላይ ጽፏት ያልፋል። እስቲ ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም በጠቅላላው 5 ሊትር ገደማ ነው። ልባችን ያለንን ደም በሙሉ በየደቂቃው ይገፋዋል ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ደም ከየት ይመጣል? የትስ ይገባል?

መልሱን አማርኛችን በስያሜው ውስጥ ይዞታል። ከልብ የሚወጣውን የደም ሥር «ደም ቅዳ» እንለዋለን፤ ወደ ልብ የሚመጣውን ደግሞ «ደም መልስ»። ደሙ ይመለሳል፣ ይዞራል። ዛሬ ይህን የአንደኛ ደረጃ ተማሪም ያውቀዋል። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩ ሐኪሞች ደም እንደሚመለስ አያውቁም ነበር። ይህን ያወቁት እንዴት እንደሆነ ነው የዛሬው ታሪካችን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጌለን ትምህርት

በ2ኛው ክፍለ ዘመን ጌለን የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ነበር፤ የተወለደው በጴርጋሞን ነው፣ የሠራው ደግሞ በሮም። ጌለን ተራ ሰው አልነበረም። ዝንጀሮና አሳማ እየሰነጠቀ አካላቸውን ያጠና፣ በጣም ብዙ መጻሕፍት የጻፈ ሊቅ ነው። ስለ ደም ያስተማረው ባጭሩ እንዲህ ነው። የምንበላው ምግብ ጉበት ውስጥ ደም ይሆናል። ደሙ ከጉበት ተነሥቶ በሥሮች በኩል ወደ አካል ክፍሎች ይሄዳል፤ እዚያም እንደ ምግብ ተበልቶ ያልቃል። ነገ ደግሞ ሌላ ምግብ፣ ሌላ ደም። ከደሙ ጥቂቱ ብቻ፣ የልብን ቀኝና ግራ በሚለየው ግድግዳ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ሰርጎ ወደ ግራ ያልፋል።

ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። የሚበላ ሰው ይወፍራል፣ የሚራብ ሰው ይገረጣል፤ ለዓይን የሚታየው ነገር ከትምህርቱ ጋር የሚሄድ ይመስላል። ችግሩ ትምህርቱ ላይ «ምን ያህል?» ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው።

ከግድግዳው ጋር የተጣላ ግን ነበር። ደማስቆ አካባቢ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ሐኪም ኢብን አል ነፊስ በ1242 በጻፈው መጽሐፍ፣ የልብ ግድግዳ ድፍን ነው፣ ቀዳዳ የለውም አለ። ስለዚህ ደሙ ከቀኝ ወደ ግራ ለመድረስ የግድ በሳንባ በኩል መዞር አለበት ብሎ ደመደመ። ትክክል ነበር! ሆኖም ጽሑፉ ለዘመናት ተረስቶ ኖረና፣ አንድ ግብፃዊ ሐኪም በ1924 በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲያገኘው ነው ዓለም እንደገና ያወቀው።

ሮቶና ፓምፕ

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው ልማድ አንድ ነገር ሲፈስ ካየን የሚገባውንና የሚወጣውን መቁጠር ነው። እንበል፣ ግቢያችሁ ውስጥ 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ። ከሥሩ ያለው ፓምፕ በሰዓት 5,000 ሊትር ውሃ እየገፋ ያወጣል። ከውጭ የሚገባው ውሃ ጠብታ ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ ፓምፑ ይሠራል፤ ማታ ብታዩት ሮቶው አልጎደለም፣ ግቢውም በውሃ አልተጥለቀለቀም። ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስለተቀበረ አይታያችሁም። ግን ግድግዳውን ሳታፈርሱ አንድ ነገር እርግጠኛ ትሆናላችሁ፤ ውሃው በሆነ መንገድ ወደ ሮቶው እየተመለሰ ነው።

እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ ያደረገው ይህንኑ ነው። ሃርቪ በ1578 ተወለደ፤ ጣሊያን አገር ፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1602 ተመረቀና ለንደን ገብቶ ሐኪም ሆነ፣ የነገሥታት ሐኪም እስከመሆንም ደረሰ። በ1628 ፍራንክፈርት ላይ በላቲን ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ያስቀመጠው ሒሳብ እንዲህ የሚል ነው።

ልብ በአንድ ምት ግማሽ አውንስ ደም ብቻ ይገፋል እንበል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደግሞ 1,000 ጊዜ ይመታል እንበል። ግማሽ ሲባዛ በ1,000፣ 500 አውንስ ይሆናል። በዛሬ መለኪያ ወደ 15 ኪሎ ግራም ነው። በግማሽ ሰዓት! ይሄ በሰው ሰውነት ውስጥ ካለው ደም በሙሉ ይበልጣል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ 15 ኪሎ ደም የሚሆን ምግብ የሚበላ ሰው ደግሞ የለም።

ልብ በሉ፤ ሃርቪ ቁጥሮቹን ሆን ብሎ አሳንሶ ነው የወሰዳቸው። በዛሬው ልኬት ልብ በግማሽ ሰዓት ወደ 147 ሊትር ይገፋል፤ የእሱ ግምት የዚህን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ጥንካሬው ያለው እዚህ ላይ ነው። ተከራካሪው «ግምትህን አጋነንከው» ሊለው አይችልም። ይባስ ብሎ ለበግ ሲያሰላ ከዚህም ያነሰ ግምት ወሰደ፤ የበግን ደም ራሱ ለክቶ ከ4 ፓውንድ እንደማይበልጥ አረጋግጦ ነበር። አሁንም በግማሽ ሰዓት ልቡ የሚገፋው ያለውን ደም ሊያክል ምንም አልቀረውም። የቱንም ያህል ብታሳንሱት፣ ደሙ ካልተመለሰ ሒሳቡ አይሞላም።

በክንድ ላይ የተሠራ ሙከራ

ሒሳብ ብቻውን አልበቃውም። የሰውን ክንድ በጨርቅ አጥብቆ አሰረ፤ ከማሰሪያው በታች የእጅ ትርታ ጠፋ፣ እጁም ቀዘቀዘ። ማሰሪያውን ትንሽ ሲያላላው ትርታው ተመለሰ፣ እጁ ቀላ፣ ከማሰሪያው በታች ያሉት ደም መልሶች ግን ተነፋፉ። ለምን? ደም ቅዳዎቹ ጠለቅ ብለው ስለሚገኙ ላላ ያለው ማሰሪያ አይዘጋቸውም፤ ደም ይገባል። ከላይ ከላይ ያሉት ደም መልሶች ግን ተዘግተዋል፤ የገባው ደም መውጫ አጣ።

ማሰሩን እናንተ አትሞክሩት። ይህችኛዋን ግን ትችላላችሁ። እጃችሁን ወደ ታች አንጠልጥላችሁ ከቆዳ በላይ ጎላ ያለ የደም ሥር ፈልጉ። በጣቶቻችሁ በኩል ባለው ጫፍ በአንድ ጣት ጫን በሉት። ሳትለቁት በሌላ ጣት ደሙን ወደ ክርን አቅጣጫ ገፋችሁ ሁለተኛውን ጣት አንሡ። ሥሩ ባዶ እንደሆነ ይቆያል፤ ከላይ ተመልሶ የሚወርድ ደም የለም። መጀመሪያ የጫናችሁትን ጣት ስትለቁ ግን ከታች ወዲያው ይሞላል። ውስጡ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች አሉ። እነዚህን ቫልቮች የገለጸው የሃርቪ የራሱ መምህር ፋብሪሲየስ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ታች የሚወርደውን ደም ለማዘግየት የተሠሩ መስለውት ነበር። ተማሪው ያንኑ ቫልቭ አይቶ መንገዱ ወደ ልብ ብቻ መሆኑን ተረዳ።

ያልታየው ቧንቧ

ሃርቪ አንድ ነገር ጎደለው። ደሙ ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርበትን መንገድ አላየም። ማየት አይችልም ነበር፤ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ሒሳቡ ግን መንገዱ መኖር እንዳለበት ነግሮታል።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። በፓሪስ ታዋቂው ሐኪም ዣን ሪዮላን ከጌለን ጎን ቆመ፤ ሃርቪ በ1649 መልስ ጻፈለት። ጆን ኦብሪ የተባለ የሚያውቀው ሰው እንደጻፈው፣ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ ታካሚዎቹ ሸሹት፣ ተራው ሰውም አእምሮው ተነክቷል ይል ነበር። ሃርቪ ራሱ መጽሐፉን ከማሳተሙ በፊት ሐሳቡን ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለባልደረቦቹ በተግባር ሲያሳይ እንደቆየ ጽፏል።

በ1657 ሞተ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1661፣ ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ የእንቁራሪትን ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት እንደ ፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮችን አየ። ዛሬ ካፒላሪ የምንላቸው ናቸው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ በመጨረሻ ታየ።

እንግዲህ ፊዚዮሎጂ የምትማሩ ወይም ልትማሩ ያሰባችሁ፣ መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ብዛታቸው ሊያስጨንቃችሁ ይችላል። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራል ይላችኋል፤ የምንሸናው ግን 1.5 ሊትር ገደማ ነው። ከመሸምደዳችሁ በፊት ሃርቪ የጠየቀውን ጠይቁ፤ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? የቀረውስ የት ገባ? የዚህን መልስ ስትፈልጉ የኩላሊትን ምዕራፍ ግማሹን ታገኙታላችሁ።