ኳሷ ወይስ ደንቧ?

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ስለ እግር ኳስ ነው፤ ስለ ግብና ስለ ዋንጫ ግን እምብዛም አይደለም። ዛሬ ዛሬ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የጎዳና ልጆችን ለመሰብሰብም ሆነ የተጣላን ለማቀራረብ ሲነሱ ኳስ ይዘው ይመጣሉ። ሐሳቡ ደግ ነው። «ኳስ ሰውን አንድ ታደርጋለች» የሚለው አባባል ግን ግማሽ እውነት ነው። የራሳችን ታሪክ ሲታይ፣ ሰው በሜዳው ላይ የሚቀራረበውም የሚራራቀውም ማን ይግባ፣ ማን ይቅር በሚለው ደንብ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲመሠረት የጣልያን ጦር ድንበር ተሻግሮ ነበር። በወረራው ዘመን የፋሽስቱ አስተዳደር ነጭና ጥቁርን በሕግ ለያየ፤ ሜዳውም ከዚያ አልተረፈም። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን በዚያው ከተማ አምስት ቡድኖች በአንድ ሻምፒዮና ገቡ፦ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ እንዲሁም የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ። ዋንጫውን እንግሊዞቹ ወሰዱ። የሚደንቀው ግን የትናንቱ ገዢ ወገን በአንድ ሠንጠረዥ ከተገዢው ጋር መሰለፉ ነው። «ሁሉም በየወገኑ ተቧድኖ ምን መቀራረብ አለ?» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቤት ነበረው። ዳኛው፣ ነጥቡና ሜዳው ግን የጋራ ነበር፤ ከወረራው ዘመን የሚለየውም ይኸው ነው።

ደንቡ ይበልጥ የተፈተነው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ነው። ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ የተመዘገቡት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ካልሆነ ቀላቅዬ አላሰልፍም አለች፤ ከውድድሩም ውጪ ሆነች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች እኛ ሳንጫወት ፍጻሜ ገባን፤ እዚያም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። ታዲያ ለኛ የሚመች ደንብ አልነበረም ወይ? ለዚያች አንድ ጨዋታ፣ አዎ። ከአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሥራቾች አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ ግን በዘር የተለየ ቡድን አይግባ በሚለው በዚሁ አቋም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ሠላሳ ዓመት ጸንተዋል። ጥቅም ብቻ ቢሆን ያን ያህል ባልዘለቀ። ደንቡ በራሳችን ቡድንም ታይቷል፦ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን ዋንጫውን ስናነሣ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። የፋሽስት ሕግ እንዲህ ያለውን ልጅ አባቱ እንዳይቀበለው ከልክሎ ነበር።

«ኳስ እኮ ታጣላለች» የሚል ካለ አልከራከረውም። በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ ከመቐለ ቡድን ጋር የተያዘው ጨዋታ በረብሻ ሳይካሄድ ቀርቷል። ለኔ ይህ ክርክሬን አያፈርስም፣ ያጠነክረዋል እንጂ፤ ኳሷ ብቻዋን የምታስታርቅ ብትሆን ወልድያ ላይ ባስታረቀች ነበር። ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው፦ በሜዳ ላይ ያለ እኩልነት ከፊሽካው በኋላ ምን ይቀረዋል? የደጋው ሰው ይህን ከገና ጨዋታ ያውቀዋል። ድሮ በገና ዕለት ጌታው ከሎሌው ጋር ዱላ ይዞ ይጋፋ ነበር፣ ቢመታም አይቆጣም ነበር፤ በማግስቱ ግን ጌታው ጌታ፣ ሎሌውም ሎሌ ነበር። ቲሸርት አድሎ፣ የአንድ ቅዳሜ ውድድር አካሂዶ፣ ፎቶ አንሥቶ የሚሄድ ድርጅትም ከዚህ የተሻለ አይሠራም። ስለዚህ አንድ ድርጅት ነገ ኳስ ይዞ በደብረ ታቦር አካባቢ ወዳለችው ገሳይ ቢመጣ፣ ስለ ኳሱ ጥራት ከመጠየቅ በፊት ቡድኑን ማን እንደሚመርጥ፣ ሜዳው በአዘቦት ቀን በማን እጅ እንደሚሆን፣ ልምምዱም በስንት ሰዓት እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። ሴት ልጆች ከትምህርት መልስ ውኃ በሚቀዱበት ሰዓት ልምምድ ከተያዘ፣ ማንም አትግቢ ሳይላቸው ከቡድኑ ውጪ ይቀራሉ።