ከአዋጅ ነጋሪ እስከ ተዋናይ

በመስከረም ወር 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሸዋ ጦር በጥቅምት አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲሰበሰብ ታዘዘ። ትእዛዙ ለሕዝብ የተሰማው በነጋሪትና በአዋጅ ነጋሪ አንደበት ነበር። ነጋሪቱ ገበያውን ዝም ያሰኛል፤ ቃሉን ከዳር ለቆመው ሰው የሚያደርሰው ግን የአንድ ሰው ትንፋሽ ነው። ቃሉ ቢድበሰበስ ዘማቹ ቀኑን ወይም ቦታውን ይስታል።

ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። በእንዲህ ያለው አገር ከጋራ ወደ ጋራ የሚጣራ ሰው ቃሉን አያጣድፍም፤ የስሙን መጨረሻ ይስበዋል። በወሎ መንዙማም መሪው ያወጣል፣ ጉባኤው ይቀበላል፤ ተቀባዩ በሚያዜምበት ጊዜ መሪው ትንፋሹን ይሰበስባል። ፎካሪውም ቢሆን ስንኙን የሚቆርጠው ትንፋሹ ከማለቁ በፊት ነው። እነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የተማሩት ሕግ አንድ ነው፤ ይኸውም ድምፅ የሚጸናው በጉሮሮ ጉልበት ሳይሆን በትንፋሽ አያያዝ መሆኑ ነው።

ሳይንሱም ይህንኑ ያረጋግጣል። ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች በወንድ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ በሴት 200 ጊዜ ያህል ያርገበግባቸዋል። የተፈጠረውን ድምፅ ጉሮሮ፣ አፍና አፍንጫ ያጎሉታል፤ ምላስና ከንፈር ቃል ያደርጉታል። ትንፋሹን የሚቆጣጠሩት ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ፣ የጎድንና የሆድ ጡንቻዎች ናቸው። እነዚህ ሥራቸውን ካልሠሩ ሸክሙ በጉሮሮ ላይ ይወድቃል፤ ተዋናዩም ይጎረንናል።

የአደባባዩ ድምፅ ወደ መድረክ የተሻገረው በኋላ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገር ፍቅር ማኅበር በጦርነቱ ዋዜማ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ሲቀሰቅስ የአዋጅ ነጋሪውን ተግባር ወረሰ። በ1948 ዓ.ም. የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር አዳራሽ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ፤ ተዋናዩ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው እየተሰማ፣ በጆሮ እንደሚያንሾካሹክ ሰው መናገር ነበረበት። በ1970ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ትምህርት ክፍል ሲቋቋም ትወና መደበኛ ትምህርት ሆነ።

አማርኛ በዚህ ላይ የራሱን ግዴታ ይጨምራል። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም፤ ለተመልካች የሚያደርሰው ተዋናዩ ብቻ ነው። ማይክሮፎን የላላውንም የጠበቀውንም እኩል ያጎላል እንጂ የተሳተውን አያርምም።

በመሆኑም የድምፅ ልምምድ ከባዕድ መጽሐፍ ብቻ የሚቀዳ አይደለም። ተማሪው ከመሪና ከተቀባይ ትንፋሽ መሰብሰብን፣ ከፎካሪ ስንኝ መቁረጥን፣ ከአዋጅ ነጋሪ ቃልን አጥርቶ ማድረስን ሊማር ይችላል። የእነዚህ ባለሙያዎች ድምፅ ሳይጠናና ሳይቀረጽ ባለፈ ቁጥር ግን መድረኩ አንድ መምህር ያጣል።